ያሳደርኩት መርዶ

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የምፈለገው እኔ ነኝ። ቄስ አይደለሁም፣ ቀባሪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሲግናል አካባቢ ባለው እድራችን ውስጥ መርዶ የሚነገርበት ቤት ሲኖር «መምህር ይጠሩ» ይባላል። አፋቸው ለስላሳ ነው ይሉኛል። እኔም፣ ምን ልደብቅ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው በሌላው ሞት የሚኮራበት ነገር አያጣም።

መርዶ ሥርዓት አለው። እንደ መልእክት ከመንገድ ላይ ተወርውሮ አይነገርም። ሰው ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ አብሮ ይገባል። የታመመ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ፈተና የደረሰበት ተማሪ ያለበት ቤት ይቆያል። ከሁሉም በላይ ሞቱ በቀጥታ አይጠራም፤ መጀመሪያ «ታሟል» ይባላል፣ ከዚያ «ጠንቶበታል»፣ ከዚያ ሰውየው ራሱ ይገባዋል። እኔ ደግሞ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ሀዘንተኛው የሚደገፍበት አንድ ደህና ነገር አስቀድማለሁ፤ ልጁ ማለፉን፣ የታሰረው መፈታቱን፣ ብቻ አንድ ነገር። ከዚያ ዋናውን አስከትላለሁ። ይህ ዘዴ አሳፍሮኝ አያውቅም ነበር፤ እስካለፈው ክረምት ድረስ።

ከግቢዬ ጀርባ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች የተከራየችው ሴት ከሰሜኑ ድንበር ማዶ የመጣች ስደተኛ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ እዚያ የቀሩ ዘመዶች አሏት። የመጣችው ከአንድ ሴት ልጇ ጋር ነው። ባሏ እስር ቤት ነበር። ቤት ውስጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሲጸልይ ተይዞ ነው የተወሰደው። የአገሯ ገዢ እንደነሱ ያለውን እምነት ከልክሏል። ሰውየው ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ቀን አልተቆረጠለትም፤ እንዲሁ ዓመታት አለፉ።

ደላላው ጴንጤ መሆኗን ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ይጮኻሉ እንዴ?» ብዬ ነበር። እኔ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ፤ በግቢዬ ውስጥ ጊታርና ጩኸት አልፈልግም ነበር። ደላላው ስቆ «እሷ እንኳን ልትጮህ ስታስነጥስም አትሰማም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከገቡ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ድምፅ አልሰማሁም። አንድ እሁድ ልብስ ላሰጣ ወደ ጀርባ ስዞር በሩ ገርበብ ብሎ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው አየሁ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው በጉልበታቸው ላይ ዜማ ይመታል፣ ድምፅ ግን የለም። መዘመራቸው ነበር።

«እዚያ ጎረቤት እንዳይሰማ እንዲህ ነው የምንዘምረው» አለችኝ በኋላ። «ለመድነው፣ አቦይ።»

«እዚህ እኮ የሚከለክላችሁ የለም» አልኳት። ደላላውን የጠየቅሁት ትዝ ብሎኝ ፊቴ ጋለ።

አቦይ የምትለኝ በቋንቋዋ ነው፤ አባቴ ማለቷ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ባዶ ነው፤ ልጅ አልወለድንም። ይህች ሴት የኔን የጾም ቀናት ከኔ ይልቅ ታውቃለች። እሷ እንደኛ አትጾምም፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ሽሮዬን ሠርታ፣ በሰሃን ከድና፣ ከኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኔ ሳሎን ነው። ካርታ ማንበብ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። የአገሯ ልጅ ነው፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከሷ ጋር በአንድ ጉባኤ የሚያመልክ። ሁለት ታክሲ ቀይሮ የመጣው እኔን ፈልጎ ነበር። ሳሎን አስገባሁት፤ ሻይ አልጠጣም አለ።

«መምህር፣ ባሏ ሞቷል» አለኝ።

ከዚያው እስር ቤት አምልጦ ድንበር የተሻገረ ሰው በስልክ ነግሮታል። የሞተው ከፋሲካ በፊት ነው። ኩላሊቱን ታሞ ነበር። «ከእምነቴ ወጥቻለሁ ብለህ ፈርምና ሐኪም ቤት እንወስድሃለን» አሉት፣ አልፈረመም። ይህን ሁሉ ወለሉን እያየ ነገረኝ።

«እኛ ሁላችንም ወጣት ስደተኞች ነን» አለ። «ሽማግሌ የለንም። እሷ እርስዎን አባቴ ትላለች። አባት ነው መንገር ያለበት ብለን ነው።»

«ለኔ ተወው» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። «ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልትፈተን ሁለት ሳምንት ነው የቀራት። እሱ ይለፍና ቀን መርጬ እነግራታለሁ።»

ይህ ምክንያት ትክክል ነበር። ማንም ሽማግሌ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፈተናው አለፈ። ዝናብ ገባና ድንኳን የሚተከልበት ጊዜ አይደለም አልኩ። ቀጥሎ የሥላሴ ዕለት ሆነ፣ ቀጥሎ ጉንፋን ያዛት። ያ ሰው ይደውላል፤ «ነገሯት?» ይለኛል። «ቀን እየመረጥኩ ነው» እለዋለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ውሸት ነው፤ እኔ ላይ ነቅዟል። ሰሃኑን ባመጣችልኝ ቁጥር ፊቷን ማየት አቃተኝ። በዚያው ሰሞን ለባሏ ሹራብ መሥራት ጀመረች። እስር ቤቱ ብርድ ነው፣ አንድ ቀን ሰው ሲገኝ እልክለታለሁ ትላለች። ልኩን የወሰደችው በኔ ትከሻ ነው፤ ቁመታችሁ እኩል ነው ብላ። ቆሜ ተለካሁላት።

ሌላም ነገር ነበር። አንድ የካናዳ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰር አድርጓት ጉዳይዋ አልቆ፣ ለነሐሴ መጨረሻ ትኬት ተቆርጦላቸው ነበር። እሷና ልጅቷ ሊሄዱ ነው። እኔም ለራሴ «እዚያ ደርሳ፣ ተደላድላ ብትሰማው ይሻላል» ማለት ጀምሬ ነበር። ሰው ለራሱ ሲሆን ምክንያት አያልቅበትም።

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በፍልሰታ፣ ከመገናኛ በአራት ኪሎ ታክሲ ወደ ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነበር። የማዶው ገዢ ሞተ ይላል ወሬው። ከፊት የተቀመጡ እናት «ነፍስ ይማር» ሲሉ ከኋላ አንዱ «የምን ነፍስ ይማር! አንድ ሕዝብ ነው የጨረሰው» አለና ታክሲው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ዘዴዬን አገኘሁት አልኩ። የሚቀድመው ደህና ነገር ይኸው መጣ! «ያ ሰው ሞቷል፤ ባለቤትሽ ግን ይህን ቀን ሳያይ ቀደመ» እላታለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሲግናል እስክደርስ በልቤ ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። አምሮልኝ ነበር።

ንጋትም አልጠበቅሁ፣ ሽማግሌም አልጠራሁ። በቀጥታ ወደ ጀርባ ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ዛሬ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «የአገራችሁ ሰውዬ ሞቷል እየተባለ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ ከመቀመጫዋ ወርዳ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች። እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የጸለየችው ለሱ ነው። «ጌታ ሆይ፣ እሱንም ማረው» አለች፤ ባሏን ላሰረው ሰው። ከዚያ ቀና ስትል ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር።

«በሩ ተከፈተ፣ አቦይ! ሊፈታ ነው!»

ልጅቷ ከውስጥ ሮጣ ወጣች። «ባባ ሊመጣ ነው?» አለች። «ሊመጣ ነው!» አለቻት እናቷ፤ ተቃቀፉ። እናም ግቢዬ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ ዘመረች። ወፍራም፣ ጎርነን ያለ፣ ደስ የሚል ድምፅ ነበራት። ያዘጋጀሁት የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ ምላሴ ላይ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ እሁድ የጉባኤዋ ሰዎች እሷ ክፍል ተሰበሰቡ፤ እኔንም ጠሩኝ። ወሬው እውነት ከሆነ ምን ይመጣል እያሉ ይከራከሩ ነበር። አንዷ ሴት «ያሰራቸው የሱ ቃል ነው፤ ቃሉ አብሮት ይቀበራል» አለች። ጠና ያለ አንድ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «የግብፅ ንጉሥ ሲሞት እስራኤል ወዲያው ነፃ አልወጡም፤ መጽሐፉ ከዚያ በኋላም ከባርነት የተነሣ አለቀሱ ነው የሚለው። ቁልፉ ያለው በወታደሮቹ እጅ ነው። እነሱ እርስ በርስ ሲጣሉ እስረኛውን ማን ያስታውሰዋል?» አለ። ሌላው ደግሞ ጠባቂዎቹ ደንግጠው በሩን ክፍት ትተው ይሄዳሉ አለ። እሷ ሹራቧን እየሠራች ሁሉንም በፈገግታ ታዳምጣለች። ያ የየካ አባዶው ሰው ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«መምህር፣ ይህ ኃጢአት ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አሁን እንዴት ብዬ? ደስታዋን አላየህም?»

«ደስታዋን አይቼ ነው እኮ የምለምንዎት። ካልቻሉ ለኔ ይንገሩኝ፣ እኔ እነግራታለሁ።»

«እኔ ቃል ገብቻለሁ፣ እኔው እነግራታለሁ» አልኩት፤ ተቆጥቼ። የተቆጣሁት እውነቱን ስለሆነ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው።

ከበረራው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ መጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሁልጊዜ የምትቀመጥበት በርጩማ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አቦይ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልሂድ ወይስ ልቆይ?»

ወሬው ገና አልተረጋገጠም፣ አልተስተባበለምም ነበር። የስፖንሰሮቹን ቢሮ ጠይቃ ኖሯል። በረራውን ካሳለፈች ለጉዞው ያደረጉት የሕክምና ምርመራ፣ ሜዲካሉ፣ ጊዜው ያልፍበታል፤ ጉዳዩ እንደገና ከመጀመሪያው ነው፣ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም ብለዋታል። ይህን ሁሉ እንደ ጥሩ ተማሪ በሥርዓት ዘረዘረችልኝና ጠበቀችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ንጋት አልነበረም፣ ሽማግሌ አልነበረም፣ ነገር ግን ከዚያ የተሻለ ሰዓት በዓለም ላይ አልነበረም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን «ልብሽ ምን ይላል?» አልኳት።

«ልቤማ ቆዪ ይለኛል። ከተፈታ ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው ወደዚህ ነው። መጥቶ ቢያጣኝስ?»

«እንግዲያው ልብሽን ስሚ» አልኳት።

ብዙ ጊዜ ይህን ለራሴ ስተርከው ፈርቼ ነው እላለሁ። ፈርቼ ነበር። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እዚህ ላይ ካልተናዘዝኩ ሌላውን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። እንዳትሄድ ፈልጌ ነበር። ሰሃኑ ጠረጴዛዬ ላይ እንዲቀር፣ ልጅቷ ሳሎኔ ውስጥ ካርታ እንድትዘረጋ፣ አቦይ የሚለኝ ሰው እንዲኖር ፈልጌ ነበር። «ልብሽን ስሚ» ስላት ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

በማግሥቱ በጠዋት እንጦጦ ራጉኤል ወጣሁ። የነፍስ አባቴ እዚያ ያገለግላሉ፤ ልናዘዝ ነበር። ጫካው ውስጥ እነዚሁ ጴንጤዎች ባሕር ዛፉን ተደግፈው ጮክ ብለው ይጸልዩ ነበር፤ ድሮ ቢሆን እየተነጫነጭኩ ነበር የማልፋቸው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ አባ ከውስጥ ሲወጡ አየሁ። «ደህና ነዎት መምህር? ምን እግር ጣልዎ?» አሉኝ። «ጸበል ልወስድ ነው» አልኳቸው። ጸበሌን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ወረድኩ።

አውሮፕላኑ ያለነሱ ሄደ። በዚያ ቀን ማታ ራት ጋበዘችኝና አብረን በላን፤ ልጅቷ ትንሽ አኩርፋ ነበር። በጳጉሜ ደግሞ ሞተ የተባለው ገዢ በቴሌቪዥን ብቅ አለ። ከሳ ብሏል፣ ግን ቆሞ ይሄዳል፣ አንድ ፋብሪካ ይጎበኛል፣ ጣቱን ይቀስራል። እኔ ቤት ነው አብረን ያየነው። ልጅቷ አለቀሰች። እናትየው እስከ መጨረሻው አየችና «ደህና ነው» አለች። «እኔ የምጠብቀው የሱን ሞት አልነበረም። እንግዲህ እጠብቃለሁ።» ክርና መርፌዋን አነሳች። የሹራቡ አንድ እጅጌ ነበር የቀረው።

ያ የየካ አባዶው ሰው ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም፤ ቀን ቆርጦ ነገረኝ። ዓውደ ዓመቱ እንዳለፈ፣ አንድ ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ያንን ጠና ያለውን ሰውና ሌላ ሁለት የጉባኤዋን ሰዎች ይዞ መጣ። አምስት ሆነን ገባን። ተናጋሪው እኔ ነበርኩ። በሥርዓቱ ነው የተናገርኩት፤ ታሞ ነበር አልኩ፣ ጠንቶበት ነበር አልኩ፣ እምነቴን ትቻለሁ ብለህ ፈርም ሲባል አልፈረመም አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ መርዶ ነግሬ አላውቅም፤ ይህም ያሳፍረኛል።

አልጮኸችም። ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አቦይ፣ እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«ትናንት» አልኩ።

ከኋላዬ የቆመው ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። እሱም ቀጥሎ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረም። ምናልባት ለሷ አዝኖ፣ ምናልባትም ለሽበቴ አፍሮ ይሆናል።

የእድሩ አባል አልነበረችም፤ እኔ ለምኜ ድንኳኑ ተተከለላት፣ ወንበሩም መጣ። በሦስተኛው ቀን የጉባኤዋ ሰዎች ግቢውን ሞልተው ዘመሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። የእድሬ ሰዎችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአንድ ወገን ተቀምጠው ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ ጥቁሯን ለብሳ ተነሳች። ለመጡት ሁሉ አመሰገነች። ከዚያ እጇን ወደኔ ዘረጋች።

«እዚያ አገር ሰው ሞቶ ዓመታት ይደበቃል» አለች። «ስንት ሚስት በሞተ ባሏ ስም ልብስ እየላከች ትኖራለች። እኔን ግን እግዚአብሔር አባት ሰጠኝ፤ በሰሙ በማግሥቱ፣ ሳይደብቁ፣ እውነቱን ነገሩኝ። ልሂድ ወይስ ልቆይ ብዬ የጠየቅሁም እሳቸውን ነው። ያን ጊዜ ብሄድ ኖሮ ይህን ሀዘን በማላውቀው አገር፣ ብቻዬን፣ በበረዶ መሃል እሰማው ነበር። ልብሽን ስሚ ብለው ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው። በሳቸው አፍ የተናገረው እግዚአብሔር ነው።»

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ። ያ የየካ አባዶው ሰው አላለም፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር አሜን አልኩ።